ከግድቡ ሥር የሚፈሰው ሰደቃ

የአረፋ በዓል ሲቃረብ የሬሐና እግር መሬት አልይዝ አለ። ከጀልባዎቹ ዘንድ ተነስታ በግድቡ አናት ታልፍና ቁልቁል ትወርዳለች፤ ከግድቡ ሥር ከሚፈሰው ውሃ በብርጭቆ ትቀዳለች፤ ወደ ፀሐይ አንስታ ታያለች፤ ትደፋለች። ያዘዘችው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሳ ትወርዳለች። ቀዛፊዎቹ ሬሐና ጠንቋይ ሆነች፣ ብርጭቆ ታነባለች እያሉ ተሳለቁባት። እሷም የምትመልሰው አታጣም፤ የእናንተንም ዕጣ አይቼዋለሁ፣ መቅዘፊያ ነው አለቻቸው።

ግድቡ የቤተሰቡ ነው። አባቷ ሐጂ ሙአዊያ ሰበታ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው፣ በስተርጅና ከተፍኪ መንገድ ገባ ብሎ ባለ መሬት ላይ አፈር አስቆልለው ትንሽ ሐይቅ አበጁ፤ ጀልባ፣ ጥብስ ቤት፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት ድልድይ። ሐይቁ በሞላ በዓመቱ ከግድቡ ሥር ቀጭን ውሃ ብቅ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ ሐጂ ግን ደስ አላቸው። ይህ የኔ አይደለም፣ የጎረቤት ነው ብለው ቧንቧ አስገቡለት፣ የሲሚንቶ ገንዳ አሠሩለት። እሳቸው ሲያልፉ ውሃው አልቆመም። የሚፈስ ውሃ ትቶ የሞተ ሰው ምንዳው መቃብር ድረስ ይከተለዋልና፣ ቤተሰቡ «ሰደቃው» እያለ ይጠራው ጀመር። የሚያፈስ ጣሪያውን ሰደቃ የሚል ቤት ያለ እንደሆነ እንጃ፤ እነሱ ግን የሚያፈስ ግድባቸውን አሉት።

ባለፈው ዓመት ልጆቹን ጀልባ ሊያሳፍር የመጣ አንድ መሐንዲስ ገንዳውን አይቶ ለሬሐና ነግሯት ነበር። ጥርት ብሎ እስከፈሰሰ ድረስ እየተከታተላችሁ ኑሩ፤ የደፈረሰ ዕለት ግን ውሃው የግድቡን ሆድ እየበላ ነውና ሐይቁን አጉድሉ አላት። ይኸው ደፈረሰ። ዝናብ ከጣለ ሰንብቷል፤ ቧንቧው ግን ከቀን ወደ ቀን እየወፈረ፣ እየደፈረሰ ይተፋል።

ከታች ጎመን ለሚያለሙት ለኦቦ ባይሳ ነገሩ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። «ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ አፈር ይዞ ሲመጣ እኮ ማዳበሪያ ነው፣ ጎመኑን እዪው። አየችው። እውነትም ፋፍቷል። ከጎመኑ ጀርባ ቤታቸው፣ ከቤቱ ደጃፍ ልብስ የምታሰጣው ሚስታቸው ጂሬኛ ታየቻት። ሬሐና ከቤቱ እስከ ግድቡ ያለውን ርቀት በዓይኗ ለካች።

ወንድሟ አብዶ ሐይቁ ለበዓሉ ሙሉ እንዲመስል የትርፍ ውሃ መውጫውን በድንጋይ ዘግቶታል፤ ከቡራዩና ከሱሉልታ ሳይቀር እንግዳ ጠርቷል። ውሃውን እናጉድል ስትለው መጀመሪያ ሳቀባት፤ ሰው ጭቃ ሊያይ ከሱሉልታ አይመጣም አለ። ቀጥሎ ድፍርሱ የባይሳ ቁፋሮ ነው አለ። ባይሳ የሚቆፍሩት ከታች፣ ቧንቧው ከላይ፤ ውሃ ሽቅብ የሚሄደው አንተ ስለፈለግህ ነው? አለችው። መውጫ ሲያጣ የመጨረሻ ቢላዋውን መዘዘ።

«የአባትሽን ሰደቃ አንቺ ልታደርቂው ነው?»

ሬሐና ብርጭቆዋን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ የቀዳችውን አልደፋችውም። ብርጭቆውን መስኮት ላይ አኖረችው፤ ውሃው ጠራ፣ ከሥሩ ደለል ዘቀጠ። ይዛው ወደ እናቷ ሄደች። ኡሙልኸይር የበዓል ልብስ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። መርፌዋን ሰካች፣ ውሃውን ቀስ ብላ ደፋች፣ ደለሉን በጣቷ አሸት አደረገችው። ቀይ ነው። እዚያ አገር መሬቱ ሁሉ ጥቁር መረሬ ነው፤ ዝናብ ቢመታው፣ ባይሳ ቢቆፍሩት ከጥቁር በቀር አይወጣውም። ቀዩን አፈር ሐጂ ለግድቡ ሆድ ብለው ከሩቅ በገልባጭ መኪና ያስመጡት ነው። ለሾፌሮቹ ምሳ ስትልክ የከረመችው ኡሙልኸይር ራሷ ናት።

ይህ አፈር የኛ ነው አለች፤ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

አብዶ ጀልባ ቀለም ይቀባ ነበር። ስለ እንግዶቹ ሊያስረዳት ሲጀምር እናቱ እጇን አነሳች።

«ሐጂ ይህን ያሠሩት ውሃ አጠጡ እንዲባል እንጂ ሰው አሰጠሙ እንዲባል አይደለም።»

ሬሐና ከግድቡ በታች ያሉትን ሰዎች ልታስነሳ ቁልቁል ሮጠች። ባይሳ እምቢ አሉ፤ የሐጂ ውሃ ክፉ ነገር አድርጎን አያውቅም ብለው ተቀመጡ። ጂሬኛ ግን ቧንቧው ቀይ ጭቃ ሲያስል አይታ ላሟን ፈታች፤ ላሟ ስትሄድ ባይሳም ተከተሉ።

ከላይ ኡሙልኸይር የግድቡን የታች መክፈቻ መዘውር ይዛ ትታገላለች። ዝጓል፤ ንቅንቅ አይልም። አብዶ ቆሞ አየ፣ ቆሞ አየ፤ አላስቻለውም።

«ተይው እማ፤ ልጅሽ አልሞተም።»

ቁልቁል ወደ እህቱ ሳያይ መዘውሩን ጠመዘዘው። ውሃው እየጮኸ በድሮው ወንዝ መሄጃ ወረደ።

ለአረፋ እንግዶቹ መጡ። ጀልባዎቹ በጎናቸው ጭቃ ላይ ተኝተው ነበር። ሳቁ፣ ፎቶ አነሱ፣ ሄዱ። ሐይቁ ሲጎድል ሰደቃውም ቀጠነ፤ ከዚያ ጠብታ ሆነ፤ ከዚያ ቆመ። ግድቡ ግን እንዳለ አለ። አብዶ ለመጣ ሰው ሁሉ በእጁ እያሳየ፣ ይኸው ምን ሆነ ይል ጀመር። ያልፈረሰ ግድብ ምስክር አይሆንም። ሬሐና ራሷ ጠዋትና ማታ እየወጣች እየወረደች ታየዋለች፤ ብንተወው ኖሮ ይፈርስ ነበር፣ ወይስ ይቆም ነበር እያለች። መሐንዲሱ መጥቶ ግድቡን ቆፍሮ እስኪያየው ማንም አያውቅም፤ ምናልባት ያኔም።

የታች ሰዎች ጄሪካን ይዘው መጡ፣ ባዶውን ይዘው ተመለሱ። ጂሬኛ አልተሳደበችም፤ በትሕትና ሰላም ብላ አለፈች። ሬሐና ስድቡን በመረጠች።

በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን አብዶ በርሜሎች ከዓለም ገና ውሃ አስሞልቶ፣ በተዋሰው ጋሪ ጭኖ መጣ። ወደ ባይሳ ደጅ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ጎማው ሰደቃው አርሶት የቆየው መረሬ ውስጥ ሰመጠ። ሬሐና ከላይ አይታው ወረደች፤ ከኋላ ቆመች። አብዶ ከበዓሉ ወዲህ አላናገራትም ነበር። ዞሮ አያት።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ግፊ እንጂ» አላት።

ገፋች።