አበባ የለበሰው ሠረገላ

አበረ የመጨረሻውን መስኮት በጥቁር ላስቲክ እየሸፈነ ነበር። ፕላስተሩን በጥርሱ ይቆርጣል፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ብርሃን የምታሾልክ ቀዳዳ መኖር አለመኖሯን ያያል። የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ስድስት መስኮት አለው። ስድስቱም ካልታወሩ አዳራሹ ሲኒማ አይሆንም፤ የደብረ ማርቆስ የጥር ፀሐይ ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ ካገኘች ትበቃታለች።

ከበስተኋላው ጌቾ ወንበር እየደረደረ ያፏጫል።

«በቃ ተወው፣ አበረ። ዝንብ እንኳ አይገባበትም። ሰውን ልታፍነው ነው እንዴ?»

አበረ ሌላ ፕላስተር በጥርሱ ቆረጠ። ፉጨቱ ጆሮው ውስጥ ገብቶ ጥርሱን ያስፋጨው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በመስከረም ነው። መክሊት የምትባል፣ አዳማ ተወልዳ ያደገች፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የምታስተምር ልጅ አበረ ወደሚሠራበት የማዕከሉ ቤተ መጻሕፍት መጣችና አርባ ያህል አጫጭር ፊልሞች በፍላሽ ሰጠችው። ሲኒማ ገና ሲፈጠር የተነሡ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ የሚበዙት ሁለት ደቂቃ የማይሞሉ ናቸው። ድምፅ የላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሕዝብ በነፃ እናሳይ አለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰው ሁሉ «ድምፅ! ድምፁ ጠፋ!» እያለ ጮኸ፤ አንድ ሽማግሌማ ተነሥተው ስፒከሩን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት። መክሊት በድሮ ጊዜ በአንዳንድ አገር ከሸራው ጎን ቆሞ ለተመልካች የሚያስረዳ ሰው እንደነበረ ነገረችው። ስሙንም እዚያው አወጡለት፤ ነጋሪ።

አበረ ነጋሪ ሆነ። ፊልሞቹን አሥር አሥር ጊዜ አየ። የእያንዳንዱን ርዝመት በሰከንድ መዘገበ፤ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ጻፈና አነበበ። «ይህ ሰው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ውሻው ዳቦ ሰርቆታል። አሁን ያሳድደዋል።» አንድ የተሳሳተ ቃል አልነበረውም። ሰዉ በአክብሮት ያዳምጠው ነበር፤ በአክብሮትም ያንቀላፋ ነበር። መክሊት ግን ወንበሯን ወደ እሱ አዙራ ትቀመጥ ነበር፤ ያ ይበቃው ነበር።

በኅዳር ጌቾ መጣ። ጌቾ መናኸሪያ ውስጥ ወደ አማኑኤል ከተማ የሚሄደውን መኪና የሚጣራ ሰው ነው። ሸራው ላይ ሁለት ወፍራም ሰዎች አንድ ጠባብ በር ላይ ተጣብቀው ሲታገሉ አበረ ወረቀቱን ሳይገልጥ፣ ከኋላ ወንበር ያ የመናኸሪያ ድምፅ ተነሣ፤ «ሁለት ሰው የቀረው! ሁለት ሰው የቀረው! ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! አንዱ ሞተሩ ላይ ይቀመጥ!»

አዳራሹ ፈረሰ። መክሊት ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በሳምንቱ ማይክራፎኑን ለጌቾ ሰጠችው፤ አበረን ደግሞ «አንተ ማሽኑን ያዝ፤ እንዳንተ የሚጠነቀቅለት የለም» አለችው። ወንበሯም ዞረ።

ቅናት ክፉ ነው። ሌላ ሰው ሲስቅ የሚሰማው ሳቅ ነው፤ አበረ ግን የሚሰማው ከኪሱ የሚወሰድበት ነገር ነበር። ጌቾ ፊልሞቹን አንድ ጊዜ ብቻ ዓርብ ማታ ከሥራ ሲወጣ መጥቶ ያያል፤ አይጽፍም፣ አያጠናም፤ «አንደኛው ባርኔጣ፣ ሁለተኛው ውሻ» እያለ ቅደም ተከተሉን በጣቱ ይይዛል፣ በቃ። አበረ አሥር ጊዜ አይቶ ያላገኘውን አንድ ጊዜ አይቶ ያገኘዋል። አንጀቱን ያሳረረው ይህ ነበር።

አሁን ደግሞ ፊልሞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማ ሊወጡ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሮብ ገበያ ወደምትባለው የገጠር ከተማ። የዩኒቨርሲቲው መኪና ጄኔሬተሩን፣ ሸራውን፣ ሾፌሩንና መክሊትን ከያዘ በኋላ የሚተርፈው አንድ ወንበር ነው። «ማሽኑን እኔ እይዛለሁ፤ የሚያስፈልገኝ ነጋሪ ነው» ብላቸው ነበር መክሊት ለሁለቱም በሳምንቱ መጀመሪያ። «የዚህን ቅዳሜ አይቼ እወስናለሁ።»

ስለዚህ አበረ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን ዘግቶ አንድ ሥራ ሠርቶ ነበር።

ከአርባዎቹ ፊልሞች አንዱ የአንድ ባለጸጋ ቀብር ነው። አበባ የለበሰ ሠረገላ፣ ራሳቸው ላይ ላባ የተሰካባቸው አራት ፈረሶች፣ ረጅም ባርኔጣ ያደረጉ ባለ ጥቁር ሱፎች። ፊልሙ የተነሣበት አገር ሰው በአንድ እይታ ቀብር መሆኑን ያውቃል። እዚህ ግን፣ በተለይ በጥር፣ አበባ ለብሶ የሚሄድ ነገር ሙሽራ የያዘ ነው፤ ሱፍ የለበሰም ሚዜ ነው። አበረ ራሱ መጀመሪያ ሲያየው ሰርግ መስሎት ነበር፤ ከፊልሙ መግቢያ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው ያረመው። ያንን ጽሑፍ፣ አራት ሰከንድ ነበር፣ ቆርጦ ጣለው። ፊልሙን አራተኛ አደረገው። ዓርብ ለጌቾ ሲያሳየው ግን አራተኛው ሌላ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊልሞች በሳቅ አለፉ። ነፋስ ባርኔጣውን የወሰደበትን ሰው ጌቾ «ወንድሜ፣ ተወው! ኮፍያው ጉንደ ወይን ደርሷል፣ ደውለን እናስይዘዋለን!» ሲለው መክሊት ራሷን ጉልበቷ ላይ ደፋች።

ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል በሩ ገርበብ አለና እትዬ የብርጓል ገቡ። የአናጢው የአቶ መንግስቱ ባለቤት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ አርባው ከወጣ አሥር ቀን አልሞላም፤ ጥቁር በጥቁር እንደለበሱ ናቸው። ጎረቤታቸው ወለተ ኪዳን «ትንሽ ብትስቂ ምን አለበት» ብላ በክንዳቸው ጎትታ አምጥታቸዋለች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

አበረ አያቸው። ማሽኑ ላይ አንዲት ቁልፍ ነበረች፤ ቢነካት አራተኛው ተዘልሎ አምስተኛው ይመጣል። ጣቱን ቁልፏ ላይ አሳረፈ። መክሊትን አየ፤ ፊቷ ወደ ጌቾ ነበር። ጣቱን አነሣ።

ፈረሶቹ ከመንገዱ መታጠፊያ ብቅ አሉ።

ጌቾ ያላየው ፊልም መሆኑን ሲያውቅ ለአፍታ ቆም አለ። ከዚያ ደስታው ባሰ። «እሰይ! ወሩን የሚያውቅ ፊልም! ፈረሶቹን እዩልኝ፣ ጎፈሬያቸውን አበጥረው ነው የመጡት! ሚዜዎቹስ ቢሆኑ! እዚያ ባርኔጣ ውስጥ እኮ ጠላ ይጠመቃል! ምነው ኮስተር አላችሁ፣ ጥሎሹ አነሰ እንዴ? እናቶች፣ እልል በሉላቸው እንጂ!»

እልልታው ጣሪያውን ነካ። ጭብጨባው በሰርግ ምት ተያዘ። ወለተ ኪዳን እያጨበጨበች የእትዬ የብርጓልን ትከሻ በትከሻዋ ገፋ አደረገች፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ሠረገላው ዞረ። ጎኑ መስታወት ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ሣጥን አለ።

እጆች አየር ላይ ቀሩ። አንዲት ሴት የጀመረችውን እልልታ መቁረጥ አቅቷት መጨረሻው እንደ ሲቃ ወጣ። አበረ ጌቾን ያይ ነበር። አሁን ያፍራል። አሁን የማይሆን ቀልድ ይቀልዳል፣ ወይ ይንተባተባል፤ ሰውም ያጉረመርማል።

ጌቾ ማይክራፎኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቆቡን አወለቀ። እጆቹን ግራና ቀኝ ለቆ፣ ፊቱን ወደ ሸራው አዙሮ ቆመ።

በከተማችን ቀብር ሲያልፍ ተቀምጦ የሚያይ የለም። መጀመሪያ ባለ ከዘራው ሽማግሌ ተነሡ። ከዚያ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ ሌላው። ወንዶቹ ቆብ አወለቁ፤ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዞሩ። መክሊት ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየችና ተነሣች። ተቀምጦ የቀረው አበረ ብቻ ነበር፤ እሱንም ጉልበቱ ሳያስፈቅደው አነሣው። ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች፣ የት እንደሆነ በማይታወቅ መንገድ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ያለ ድምፅ አለፉ። አምሳ ሰከንድ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የእትዬ የብርጓል ልቅሶ ብቻ ነበር፤ እሱም የታመቀ ነበር።

ከትርኢቱ በኋላ መክሊት ጌቾን በሁለት እጇ ያዘችው። «አንዲት ቃል አልጨመርክም! ሌላ ሰው ቢሆን ያበላሸው ነበር። ሮብ ገበያ አንተ ነህ የምትሄደው።» ወደ አበረም ዞር አለች። «ቅደም ተከተሉን አንተ ነህ ያወጣኸው አይደል? ጎበዝ ነህ።»

አበረ የማሽኑን ገመድ ነቀለ። ሰው እስኪወጣ ጠበቀ፣ መክሊትም ሄደች። ጌቾ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያነሣ አንዱን በአንዱ ላይ ደረበ። አላፏጨም።

«ይቺን ዓርብ አላሳየኸኝም» አለ።

«ረስቼ ነው።»

«አንተ?» ጌቾ ሳቅ አለ። «የነፍስ አባትህን ስም ብትረሳ አምንሃለሁ። ፊልም ትረሳለህ?»

አበረ የመስኮቱን ላስቲክ መላጥ ጀምሮ ነበር። እጁ ቆመ። «ሆን ብዬ ነው። ላዋርድህ ነበር።»

ጌቾ ሌላ ወንበር አነሣ። «እኔን ማዋረድስ ይሁን። መናኸሪያ ውስጥ በቀን ሃያ ጊዜ እሰደባለሁ። እትዬ የብርጓል ሲገቡ አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

ጌቾ ወንበሩን አስቀመጠና ወጣ። ለመክሊት ይነግራታል ብሎ አበረ ሳምንቱን ሙሉ ጠበቀ። አልነገራትም። አበረ በዚህም ቀና፤ ዝም ማለቱ እንኳ ከእሱ የተሻለ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። መኪናው በጠዋት ወደ ሮብ ገበያ ወጣ። አዳራሹ ተዘግቷል፤ አበረ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የተመለሱ መጻሕፍትን መደርደሪያቸው ላይ እየመለሰ ሳለ እትዬ የብርጓል በሩ ላይ ቆሙ።

«ጌቾ የለም?»

«ሮብ ገበያ ሄዷል፣ እትዬ።»

«እህ። እንግዲህ አንተም ካለህ ይሁን።» ገብተው ተቀመጡ። «ያን ቀብር መልሰህ አሳየኝ። የመንግስቱን ዕለት ራሴን ስቼ ነበር። ሲያነሡትም፣ ሲያወርዱትም አላየሁም። ሰው ሁሉ ያየውን እኔ ሚስቱ አላየሁም።»

አበረ ላፕቶፑን ከመሳቢያ አውጥቶ ከፊታቸው አኖረው። ፊልሙን ከመክፈቱ በፊት ግን ቆመ።

«እትዬ የብርጓል፣ ያን ፊልም እዚያ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጌቾን ላሳፍረው ብዬ። እርስዎ ሲገቡም አይቻለሁ።»

እሳቸው ዓይናቸውን ከላፕቶፑ ጥቁር መስታወት አላነሡም።

«አፈረልህ?»

«አላፈረም።»

«እንግዲያ ምን ተረፈህ?» አሉ፤ በቁጣ አልነበረም፣ በጥያቄ ነበር። «ክፈተው።»

ከፈተው። አምሳ ሰከንድ አለፈ። «ድገመው» አሉ። ሁለተኛው ሲጀምር በጣታቸው መስታወቱን ነኩ። «ከፊት የሚሄዱት ካህናት ናቸው?»

«አዎ። ሦስት ናቸው።»

«የመንግስቱ ዕለትስ?»

«ዘጠኝ» አለ አበረ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ቆጥሬያለሁ።»

እትዬ የብርጓል ቀና ብለው አዩት። «ቀጥል» አሉ።

ፊልሙ ባለቀ ቁጥር ወደ መጀመሪያው መለሰው። የዕድሩ ጥሩምባ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እንደተነፋ፣ ሰዉ ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ዋናው መንገድ እንደሞላ፣ ከአማኑኤል ሁለት መኪና እንግዳ እንደመጣ፣ ሱቆች ቀብሩ እስኪያልፍ በራቸውን ገርበብ እንዳደረጉ፣ የአናጢዎቹ ማኅበር ጓደኞቻቸው እንጨት ቆራጭ ማሽናቸውን ያን ዕለት እንዳላስነሡ ነገራቸው። አላጋነነም። የማያውቀውን «አላየሁም» አለ። ሠረገላው አምስት ጊዜ መታጠፊያውን ታጠፈ።

«ሣጥኑን እነማን ያዙት?»

«ከፊት የወንድምዎ ልጅ አስማማውና አናጢው ወልደ ሩፋኤል። ከኋላ በቀኝ የዕድሩ ዳኛ።» ቆመ። ፈረሶቹ ያለ ድምፅ ይረግጡ ነበር። በግራ በኩል ማን እንደነበረ እሳቸው አያውቁም፤ ሌላ ስም ቢጠራ ማንም አያርመውም። «በግራ ጌቾ ነበር። ሌሎቹ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀያየሩ። እሱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አልተቀየረም።»

«እሱ ልጅ» አሉ፤ ዓይናቸው ሞላ። «አንተስ?»

«እኔ አልያዝኩም። ከኋላ ነበርኩ።»

«ስትቆጥር።»

«ስቆጥር።»

እትዬ የብርጓል በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈን አደረጉና ሳቁ። አጭር ሳቅ ነበረች፤ ሳል ትመስላለች። ተነሥተው ትከሻውን ደገፍ ብለው ወጡ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሮብ ገበያ ላይ አሁን ይጀምራሉ፤ አሁን ጌቾ አንድ ነገር ይላል፣ አሁን ሕዝቡ ይስቃል። አበረ ያንን ሳቅ ከዚህ ሆኖ ሰማው፤ አሁንም አንገበገበው። ፊልሙን ዘጋ። ላፕቶፑን አጠፋ፣ ገመዱን አራት ዙር ጠቅልሎ በላስቲክ አሰረ፣ ሁለቱንም መሳቢያው ውስጥ አስገብቶ ቆለፈ።