ጭቃ የተቀባው ጉቶ

ሁሪያ የማወቅ አባዜ አለባት። ሌላው «ይሁን» ብሎ ያለፈውን እሷ ጎንበስ ብላ ሳታይ አታልፍም። ከመርሳ በላይ ባለችው መንደር የመስኖውን ተራ የምታከፋፍል እሷ ናት። ሥራው «የውሃ አባት» ይባላል፤ ሴት ሆና አባት ስትባል ልጃገረዶቹ ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች።

ውሃው የሚመነጨው ከተራራው ሥር ነው። ተራራው ተራቁቶ በነበረበት ዘመን ምንጩም ደርቆ ነበር። ከብት እንዳይገባበት፣ እርጥብ ዛፍ እንዳይቆረጥበት ከተከለለ ወዲህ ግን ተመልሶ ማንጎውንም ብርቱካኑንም ያጠጣል። የተከለለው ተራራ ዘበኛ የመንደሩ የቀብር ማኅበር፣ ቅሬው ነው። እርጥብ ዛፍ የቆረጠ ሰው፣ በምትኩ የተከለው ችግኝ እስኪጸድቅ ከቅሬ ይወጣል፤ እስከዚያ ቤቱ ሰው ቢሞት ቃሬዛ የሚያነሳለት የለም። ወሎ ውስጥ ከዚህ የከፋ ቅጣት አይገኝም፤ እስር ቤት እንኳ ጠያቂ አለው።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ አገሩን ከዋጠው ወራት አልፈዋል። መብራት የለም፣ መንገዱ ዝግ ነው። ታጣቂዎቹ ከታች አስፋልቱ ዳር ሰፍረዋል። ወደ ደሴ ሲሸሹ መንገድ የተዘጋባቸው የቆቦ ሰዎች ደግሞ የመንደሩን ትምህርት ቤት ሞልተውታል። የተከለለው ተራራ ላይ ጉቶ መታየት የጀመረው ያኔ ነው።

«ተፈናቃዮቹ ናቸዋ! ሌላ ማን ይሆናል?» አለ ጎረቤቷ ጀብሪል። «ለእኛ ተራራ ምን ገዷቸው?» ጁምዓ ዕለት ቅሬው ተሰብስቦ ከትምህርት ቤቱ ሊያስወጣቸው ተባለ። ወጥተው የት እንደሚገቡ የጠየቀ አልነበረም።

ሁሪያ ጉቶዎቹን ልታይ ወጣች። ማገዶ የቸገረው ሰው ለመንገድ የቀረበውን ይጨፈጭፋል። ይሄኛው ግን ዛፍ ከተጠጋጋበት እየመረጠ፣ አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ አንስቷል። ጉቶው ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ ተቆርጧል፤ መልሶ እንዲያቆጠቁጥም በጭቃና በእበት ተለቅልቋል።

«ሰርቆ ቁስል የሚያክም ሌባ ደግሞ ከየት መጣ?» አለች ለራሷ። ጭቃውን በጣቷ ነካችው፤ ገና አልደረቀም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከአንድ ወይራ ሥር ተቀምጣ ጠበቀች። መጥረቢያ ይዞ የመጣውን ሰው ስታይ ክው አለች። ሕጉን ያወጡት የቅሬው ዳኛ፣ ሸህ ኡበይደላ ነበሩ።

«ያ ሸህ! አንቱ ነዎት እንዴ?»

ሽማግሌው መጥረቢያውን አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ። «ለታጣቂዎቹ ነው ልጄ። ማገዶ ፍለጋ ሊወጡ ሲሉ ‹አትልፉ፣ እኔ አወርድላችኋለሁ› አልኳቸው። እነሱ አንዴ ከወጡ ተራራውን ይላጩታል።»

«ታዲያ ለቅሬው አይነግሩም ነበር?»

«ነገ ሌላው ጦር ሲመጣ ‹እንጨት ያቀብል ነበር› ብሎ የሚጠቁም አይጠፋም። ባንዳ ተብዬ እሞታለሁ።»

«ተፈናቃዮቹስ?»

ሸሁ መሬት መሬት እያዩ መጥረቢያቸውን አነሱ።

ጁምዓ ዕለት ከስግደት በኋላ ቅሬው ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ጀብሪል «ይውጡ!» ብሎ ተነሳ። የተፈናቃዮቹ ሽማግሌ ገበየሁ «አልቆረጥንም» ቢል የሚሰማው አጣ። ሁሪያ ሸሁን አየቻቸው፤ ሙስባሃቸውን ይቆጥራሉ። አልጋ ላይ የዋሉት እናቷ ዘይነባ ትዝ አሏት። ቢሆንም ተነሳች።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ማገዶ ቸግሮኝ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሸሁ ይናገራሉ ብላ እስከ መጨረሻው ጠበቀች።

«ሕግ ሕግ ነው» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ሁሪያ ችግኟ እስኪጸድቅ ከቅሬው ወጥታለች።»

ቤቷ ስትገባ በሩን በንዴት ደረገመችው። ግን ሽማግሌው ከተጋለጡና እንጨቱ ከቀረ ታጣቂዎቹ ተራራውን እንደሚወጡት ታውቃለች፤ ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ችግኝ በበጋ አይጸድቅም፤ እናቷም ክረምቱን አልጠበቁም። ኅዳር ውስጥ አንድ ማለዳ አረፉ። የቅሬው ለፋፊ አልጮኸም። ጎረቤት በየበሩ ቆሞ እንባውን ይጠርጋል እንጂ ደጃፏን የሚረግጥ ጠፋ። ሁሪያ ብቻዋን የማጠቢያውን ውሃ ታሞቃለች። አስከሬኑን ማን እንደሚያነሳላት ማሰብ ፈራች።

ከትምህርት ቤቱ በኩል ሰዎች መጡ። ከተፈናቃዮቹ ሙስሊሞቹ ሴቶች ቀጥ ብለው ገብተው ለማጠብ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ወንዶቹ የክፍል በር ነቅለው ተሸክመዋል፤ የቅሬው ቃሬዛ ለዚህ ቤት አይወጣማ።

«እኛ የዚህ ቅሬ አባል አይደለንም» አለ ገበየሁ። «ሕጉ እኛን አይዝም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ መሸከም ግን ለሁሉም አንድ ነው።»

አስከሬኑ ተገንዞ ሲወጣ ሦስቱን ማዕዘን ተፈናቃዮቹ ያዙ። አራተኛው ትከሻ ሰውን ገፍቶ ሲገባ ሁሪያ ቀና ብላ አየች። ሸህ ኡበይደላ ነበሩ።

«ያ ሸህ፣ ሕጉስ?» አለ ጀብሪል ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ።

ሽማግሌው የተሸከሙትን በር ትከሻቸው ላይ አደላደሉ። «ሕጉ የቆረጠውን ነው የሚይዘው። ዛፉን እየቆረጥኩ ለታጣቂዎቹ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አንዲት ቅርንጫፍ አልነካችም። ይህንን የሚጠቁም ካለ ይጠቁም፣ መጀመሪያ ግን እናቷን እንቅበር።»

ጀብሪል ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከደጃፉ ወረደ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሁሪያ ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀሰችውን ያኔ አለቀሰች።