ከመጸዳጃ ቤት መስኮት የወረደው ግንብ

ባለቤቴ ኢኒድ ለሞዴል ባቡር መንደርህ ብላ ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከስካርብሮ ትንሽ የጄሶ ግንብ ገዝታልኝ የመጣች ቀን፣ ማስመሪያዬን አውጥቼ በሩን ለካሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ እኛ ሞዴል ሠሪዎች ከማየታችን በፊት እንለካለን። በሩ ጣቢያው ላይ ከቆሙት ትንንሽ ሰዎቼ ጉልበት አያልፍም ነበር።

«በዚህ በርማ የሚገባው ድመት ብቻ ነው!» ብዬ ሳቅሁ። የሞዴል ባቡር ክበባችን ሰው ደግላስም አብሮኝ ተንከተከተ። እሷ አንድ ነገር ተናገረች፤ ማን ሰምቷት! ግንቧን ይዛ ወጣችና መጸዳጃ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ መንደሬን የሠራሁባትን፣ ጓሮ ያለችውን የእንጨት ክፍሌን ረግጣት አታውቅም። ራት ሲደርስም ከኩሽናው በር ሆና ነው የምትጣራው። ስትገባ ስትወጣ እያየኋት ትናፍቀኛለች።

ዘንድሮ ለክበባችን ትርኢት ስዘጋጅ ደግላስ መጥቶ ፊቱን አጨማደደ።

«ከኋላ የቀባኸው ሰማይ ግድግዳ ግድግዳ ይላል። መንደርህ እኮ እዚያው አለቀ።»

«አንተ ደግሞ መቼ ደስ ብሎህ ያውቃል!»

ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው። እጄን ልታጠብ ስሄድ ከኮሪደሩ ጫፍ ሆኜ መስኮቱ ላይ ያለውን ግንብ አየሁት። ትልቅ ግንብ፣ ሩቅ ቦታ የቆመ መሰለኝ።

ሳላስፈቅዳት ወሰድኩት። የስካርብሮ ስም በወርቅማ ቀለም የተጻፈበትን ግርጌ በመጋዝ ቆረጥኩ። በውኃ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ቀብቼ ስጠርገው ቀለሙ ስንጥቆቹ ውስጥ ቀረ። ሩቅ ነገር ደብዘዝ ይላልና ሰማያዊ ነካ አደረግሁበት፤ ከመንደሬ ኮረብቶች ጀርባ ተከልኩት።

«ክሊፎርድ! ግንቤን የት አባቱ አደረስከው?» ብላ ኢኒድ ከኩሽናው በር ጮኸች።

«ነይና እዪው!»

እሷ ካልመጣች ትርኢቱ ገደል ይግባ አልኩ። ጥቂት ቆይቶ የጫማዋ ኮቴ ተሰማኝ። ገብታ ጎንበስ አለች፤ ዓይኗን ከትንንሾቹ ሰዎች ቁመት ጋር አስተካክላ ከጣቢያው በላይ አሻግራ ተመለከተች።

«ያኔ ስለሳቅሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ከኋላ ቢሆን እንደሚያምር ማን አወቀ?»

«እኔ ነኛ! ያን ቀን ‹ከኮረብታው ጀርባ አድርገው› አልኩህ። ሳቅህ መች አሰማህ?»

እሷ ቀና ብላ ሰማዬን ገረመመችው።

«ስለዚህ ሰማይስ የምለውን ትሰማለህ?»

ማስመሪያዬን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ወንበር አቀረብኩላት።