ሁለተኛው ካርቶን

ሎደሯ ዘይት ማንጠባጠብ የጀመረችው ሐሙስ ዕለት ነበር። ኦርቪል ግን ለሚስቱ ለማርሊስ የነገራት ቅዳሜ ጠዋት፣ እሱም ሌላ መላ ሲያጣ ነው።

«ትንሽ ታንጠባጥባለች» አለ እንቁላሉን በሹካ እየቆረጠ። «ብዙም አይደለም።»

«ብዙም አይደለም ማለት ምን ያህል ነው?»

«ትናንት አንድ ጀሪካን ጨመርኩባት። ዛሬ ደግሞ ሌላ።»

«ሁለት ጀሪካን ዘይት መሬት ላይ ፈሶ ነው ትንሽ የምትለው?»

«ሁለተኛው ገና አላለቀም» አለ ኦርቪል።

ይሉኝታ የእኛ ብቻ ርስት የሚመስለው ሰው የአሜሪካዋን የሚኒሶታን ገበሬ አላየም። አውሎ ነፋስ የበረቱን ጣሪያ ገንጥሎ ቢወስድበት «ትንሽ ነፈሰብን» ይላል። ኬክ ሲያቀርቡለት ዓይኑን ኬኩ ላይ ተክሎ ሁለት ጊዜ እምቢ ይላል፤ በሦስተኛው «ካላስቸገርኩ» ብሎ ይቀበላል። ሦስተኛ ካልጠየቁት ሆዱ እየጮኸ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኦርቪል ደግሞ በዚህ ከጎረቤት ሁሉ የባሰ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ በትዳር ሲኖሩ ማርሊስን ውሃ አቀብይኝ ብሏት አያውቅም፤ ተነስቶ ራሱ ይቀዳል። ሲበዛ ጨዋ ነው፤ ሲበዛም ያናድዳል።

ያለ ሎደሯ ግን ያ ቤት አንድ ቀን አያድርም። ትንሽ ብትሆንም በረቱ ውስጥ እንደ ልቧ እየተሽከረከረች እበቱን የምትጠርገው፣ ለላሞቹ መኖ የምታቀርበው፣ መንገድ የዘጋውን በረዶ የምትዝቀው እሷ ናት። ላም ደግሞ ቅዳሜና እሁድ አታውቅም።

«ወንበሯ ላይ ሰው ካልተቀመጠ ክንዷ አይንቀሳቀስም» አለ ኦርቪል በመስኮት ወደ ውጭ እያየ። «ብቻዬን ሞከርኩ። እንግዲህ፣ ካላስቸገርኩሽ…»

«ካፖርቴን ልልበስ» አለችና ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ካርቶን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«የዱዌንን እጅ አትርሳ።»

«እንዴት ይረሳል» አለ።

ዱዌን ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤታቸው ነው። ሎደር ሲሠራ ዘይቱ ቱቦው ውስጥ በኃይል ታምቆ ነው የሚሮጠው፤ ቱቦው የመርፌ ጫፍ ታህል ከተበሳ፣ በዓይን የማይታይ ዘይት እየተወረወረ ይወጣና ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀዳዳ የሚፈለገው በእጅ አይደለም፤ ቁራጭ ካርቶን ቱቦው ላይ እያሳለፉ ነው። ዱዌን አንድ ክረምት በጣቱ ዳሰሰ። ወጋ አደረገው፤ ምንም አይደለም አለ። እሁድ እጁን ኪሱ ከትቶ ቤተ ክርስቲያን ሄደና መዝሙሩን ዘምሮ ተመለሰ። ሰኞ ሦስት ጣቶቹን ቆረጡለት። እስከ ዛሬ ሰው ሲጠይቀው «ሁለቱ ተርፈውልኛል» ነው መልሱ።

ውጭው ብርድ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ማርሊስ ሎደሯ ላይ ወጣች፣ ተቀመጠች፣ የብረቱን መከለያ ጭኗ ላይ አወረደች። ሞተሩ ሲነሳ ጆሮዋ ደነቆረ፤ ከዚያ በኋላ መነጋገር በእጅ ምልክት ብቻ ሆነ። አውራ ጣት ወደ ላይ ሲሆን የሎደሯን ክንድ የሚያነሳውን እጀታ ትገፋለች፤ መዳፍ ሲዘረጋ ትለቃለች።

ዘይት የሚንጠባጠብበትና የሚወጣበት ቦታ አንድ አይደለም። የሎደሯን ክንድ ተከትሎ እየተንሸራተተ ይወርድና ሩቅ ቦታ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ኦርቪል ይህን ያውቃል፤ አልቸኮለም። ክንዱን በጨርቅ ወለወለ፣ በነዳጅ አጠበ፣ ከዚያ የልጅ ልጃቸው ትታ የሄደችውን የሕፃን ፓውደር ከላይ እስከ ታች ነሰነሰበት። ሎደሯ እንደ ተጠመቀ ሕፃን ነጭ ሆነች። ማርሊስ እጀታውን ገፋች፤ ለቀቀች። ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን በሚያልፉበት ቦታ ፓውደሩ ጠቆረ። ኦርቪል ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ነው።

የቀረው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ነበር። ካርቶኑን አስገባ። አውራ ጣቱን አነሳ፤ ገፋች። ካርቶኑን አወጣና አየው። ደግሞ አስገባው። በሦስተኛው ካርቶኑ ዘይት ጠጥቶ እንደ ራሰ ጨርቅ ተንጠለጠለ፤ ምንም የሚያሳይ አልሆነም።

ኦርቪል ቀና ብሎ ቤቱን አየ። ከዚያ ማርሊስን አየ። ከንፈሩ ሊከፈት ሲል አየችው። ግን ካርቶኑን በረዶው ላይ ጣለና የቀኝ እጁን ጓንት በጥርሱ ስቦ አወለቀ። ጎንበስ አለ። ግራ እጁ ብቻ ከሎደሯ ክንድ በላይ ታየ፤ አውራ ጣቱ ተነሳ።

ማርሊስ ገፋች።

ጓንቱን ለምን አወለቀ የሚለው ሐሳብ የመጣላት ከገፋች በኋላ ነው። በዚያው ቅጽበት መዳፉ ተዘረጋ። ለቀቀች፣ ሞተሩን አጠፋች። ፀጥ ሲል የራሷ ትንፋሽ ተሰማት።

«አገኘሁት» አለ ኦርቪል ወደ ሎደሯ በር መጥቶ። ፊቱ ላይ እርካታ ነበረ። «የታችኛው ነው።» የቀኝ እጁን ጣት ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ምንም አይደለም።»

«ኦርቪል። እጅህን።»

አሳያት። በሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ ቁንጫ ነክሳው የሄደች የምትመስል ነጥብ ናት። ደም እንኳ የላትም። የዱዌንም የጀመረው እንዲህ ባለች ነጥብ ነበር።

«ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ቱቦ የሚሠራው ሱቅ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ቱቦውን አሠርተን እንመለስና፣ ካበጠ ያኔ እናያለን።» ይህን እያለ ቁልፉን አንስቶ ቱቦውን መፍታት ጀመረ፤ በግራ እጁ። ኦርቪል ግራኝ አይደለም።

ቱቦውን ከፈታ በኋላ ፒካፑ ጋ ሲደርሱ ማርሊስ ቀድማው መሪው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ የምነዳው» አለች፤ ክርክር ጠበቀች። እሱ ግን ዞሮ በሌላው በር ገባ። ከሁሉ ያስፈራት ይህ ነው። ኦርቪል በሰርጋቸው ቀን እንኳ መሪ ለሌላ ሰው አልሰጠም።

መንገዱ በረዶ ነው፤ መፍጠን አይቻልም። በጎን ዓይኗ እጁን ታያለች። መጀመሪያ ጣቱ ነጣ፤ ቆይቶ አበጠ። እሱ ኮፍያውን አውልቆ እጁ ላይ አስቀመጠና ስለ ወተት ዋጋ ማውራት ጀመረ። እሷ አትሰማውም። እጀታው እስከ አሁን መዳፏ ውስጥ ያለ ይመስላታል። የገፋሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አሳየኝ፣ እኔ ገፋሁ፤ ይህንኑ ነው በልቧ የምትደጋግመው።

ከተማው መግቢያ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል።

«ሱቁ በግራ ነው» አለ።

በቀኝ ታጠፈች።

«ማርሊስ፣ ላሞቹ—»

«ላሞቹ ሁለት እጅ ያለው ሰው ነው የሚፈልጉት» አለችው። 

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚያስል ሕፃን የታቀፈች እናት፣ ቁርጭምጭሚቷን የጠቀለለች አሮጊትና አንድ ግንባሩን በፎጣ የያዘ ሰው ተቀምጠዋል። መስኮቱ ላይ ያለችው ነርስ ብሪታ ናት፤ አያቷ ከማርሊስ ጋር በቤተ ክርስቲያን ይዘምራሉ።

«ምን ሆኑ ኦርቪል?»

«ትንሽ ወጋ አድርጎኝ ነው። ሥራ ከበዛባችሁ ሌላ ቀን እንመጣለን።»

«ኧረ ምን ሥራ አለ። ሕመሙ ከአንድ እስከ አስር ስንት ይሆናል?»

ኦርቪል አሰበበት። ማጋነን እንዳይሆንበት ተጨንቆ አሰበበት። «ሁለት» አለ። «እሱም ከሞላ።»

«ጥሩ፤ እንግዲህ እነሱ ቀድመዋችኋል፣ ትንሽ ይጠብቁ።»

«ይቅደሙ፣ ይቅደሙ» ብሎ ሄዶ ተቀመጠ።

ማርሊስም አብራው ተቀመጠች። አዎ፣ ተቀመጠች፤ ሰው እንዲህ ነው። መንገድ ሙሉ የተንገበገበች ሴት፣ ተራ ጠብቂ ስትባል እግሯ ታዘዘ። ወረፋ ማለፍ ነውር ነው፤ ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር ነው፤ አሮጊቷም ታውቃታለች፣ በማግስቱ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ሕፃኑ ተጠርቶ ገባ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይንቀሳቀሳል። ማርሊስ ኮፍያውን ቀስ ብላ ከእጁ ላይ አነሳችው። እብጠቱ መዳፉን አልፎ አንጓው ደርሷል፤ ጣቱ አመድ መስሏል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ የኦርቪል ግንባር ግን በላብ ርሷል። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለእሱ ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያስደብቀውም አለበት።

ተነሳች። መስኮቱ ጋ እንኳ አልሄደችም፤ ከክፍሉ መሃል ሆና ተናገረች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ብሪታ፣ ሁለት ያለሽ ውሸት ነው። ይህ ሰውዬ በሬ ረግጦት ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሮም፣ ሕመሙን ሁለት ነው ያለው። ጣቱ ውስጥ የሎደር ዘይት ገብቷል። በግፊት ነው የገባው። እጀታውን የገፋሁት እኔ ነኝ፣ አይቻለሁ። ወረፋ እየጣስኩ መሆኔን አውቃለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅም።»

አሮጊቷ አፏን ከፈተች። የኦርቪል ጆሮ በእፍረት ቀላ።

ብሪታ ግን ከወንበሯ ተነስታ ነበር። «ዘይት? በግፊት?» አለች፤ ፊቷ ሌላ ሆነ። «ለምን አልነገራችሁኝም?» መልሱን አልጠበቀችም። በሩ ተከፈተ፣ አልጋው መጣ፣ ስልክ ተደወለ። የእጅ ቀዶ ሐኪም ያለው ትልቁ ከተማ ነው፤ ሄሊኮፕተር ይምጣ ተባለ።

«ለአንድ ጣት ሄሊኮፕተር?» አለ ኦርቪል አልጋው ላይ ተጋድሞ። «ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል» አለች ማርሊስ። ጎንበስ አለችና በጆሮው ጠየቀችው። «ጓንቱን ለምን አወለቅህ? ታውቅ የለ። ሌላ ካርቶን ለምን አልጠየቅከኝም? ጓዳ ሙሉ ካርቶን አለ።»

 «ልልሽ ነበር» አለ ጣሪያውን እያየ። «ብርድ ነው። ተመቻችተሽ ተቀምጠሻል። እኔ በዘይት ተጨማልቄ ቤት አልገባ፣ አንቺ ደግሞ ከምትወርጂ ብዬ ነው።»

ማርሊስ ልትመታውም ልታቅፈውም ፈለገች፤ ኮፍያውን ይዛ ቆመች።

ቀዶ ጥገናው ረዘመ። እሷ በመኪና ተከትላ ደርሳ፣ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ሳለ ዱዌን ደወለ። ብሪታ ለአያቷ፣ አያቷ ለሰፈሩ፣ ወሬው ከሄሊኮፕተሩ ቀድሟል።

«በእኔ ሎደር እበቱን ጠርጌያለሁ፣ መኖም ሰጥቻለሁ» አለ ዱዌን። «ስለ ላሞቹ አታስቢ። እሱስ?»

«ገና አልወጣም።»

«ወዲያው ነው የወሰድሽው?»

«ትንሽ ተቀምጠን ነበር» አለች።

 «እኔን ማንም ሐኪም ቤት አልጎተተኝ» አለ ዱዌን፤ ስልኩንም ዘጋ።

ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ ማርሊስ ፊቱን ለማንበብ ሞከረች፤ አልቻለችም። የጣቱን ጫፍ አጥቷል አላት። ዘይቱ ወደ ክንዱ መውጣት ጀምሮ ነበር፤ ከፍተው አጥበውታል፤ ከነገ ወዲያ ደግመው ይከፍቱታል። እጁ ግን ይተርፋል። ማታ ድረስ ቆይታችሁ ብትመጡ ኖሮ ይህን አልልሽም ነበር አለ። ማርሊስ አመሰገነችው፤ ከዚያ መልሳ ተቀመጠች።

ኦርቪል ሲነቃ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ከአንገቱ በላይ ተሰቅሏል። አንድ የማያውቁት ወጣት ነርስ ገባና ሕመሙ ከአንድ እስከ አስር ስንት እንደሆነ ጠየቀው።

«ሁ…» ብሎ ጀመረ። ማርሊስን አያት። ካፖርቷን አላወለቀችም፤ የቀኝ እጇን በግራዋ ጨብጣ ይዛዋለች፤ እጀታውን የገፋችበትን እጅ። ኦርቪል ያን እጅ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ሰባት» አለ። ቀጥሎም፣ «ስምንት ብልም ውሸት አይሆንም» አለ።

ነርሱ መድኃኒቱን ሊያመጣ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ያላለቀሰችው ማርሊስ ያኔ አለቀሰች፤ እንባዋን በኮፍያው ጠረገች።

«ማርሊስ» አለ።

«እ?»

 በረዶው ላይ ቆሞ እንዳያት አሁንም አያት። የአልጋው ጠረጴዛ ላይ በግራ እጁ ሊደርስበት የሚችል ውሃ የተቀዳበት ብርጭቆ ነበረ።

«ውሃ አቀብይኝ።»

ካላስቸገርኩሽ አላለም። ማርሊስ ተነስታ አጠጣችው።