አድርሶ የሚመለስ

ኬሚስቱ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት የወጣው ለሚያንጠባጥበው የወጥ ቤት ቧንቧ ጎማ እንዲገዛ ተልኮ ነበር። መንገዱ በላብራቶሪው በር ስለሚያልፍ «ለአንድ ደቂቃ» ብሎ ጎራ አለ። ለአዲሱ የጋዝ ጉድጓድ ዓለት የሚሰነጥቀውን ፈሳሽ መምረጥ ነበረበት፤ ፈሳሹ ስንጥቁ መልሶ እንዳይገጥም የሚደግፈውን አሸዋ ተሸክሞ ይወርዳል። ሦስት ብልቃጥ ደርድሮ በየአንዳንዱ አሸዋ ጨመረና አፈጠጠባቸው።

የመጀመሪያው ውሃ ውሃ የሚል ነገር ነው፤ አሸዋውን ገና ሳይቀበል ጣለው። ሁለተኛው እንደ ሙጫ ወፍሮ አሸዋውን አንጠልጥሎ ያዘ። ኬሚስቱ ዓይኑን ከሱ መንቀል አቃተው። ጉድጓድ በመቆፈር ያረጁት አለቃው ግን ብልቃጡን ዘቀዘቁት፤ ከሰዓታት በኋላም ንቅንቅ አላለም።

«ልጄ፣ ይኼ የቁራ መልእክተኛ ነው» አሉ። «አሸዋውን ያደርስና እዚያው ይቀራል። እሱ መንገዱን ዘግቶ ከተኛ ጋዙ በየት ይውጣ?»

ሦስተኛው አሸዋውን ደህና አድርጎ ተሸክሞ ቆየና፣ ጊዜው ሲደርስ ቀጥኖ፣ ብልቃጡ ሲዘቀዘቅ ኩልል ብሎ ወጣ። ኬሚስቱ ቅጹ ላይ «የተመረጠበት ምክንያት» ከሚለው ሥር «የተላከበትን አድርሶ በጊዜው ይመለሳል» ብሎ በኩራት ጻፈ።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሚስቱ ናት፤ ከጀርባዋ ቧንቧው ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል።

«የት ነህ አንተ ሰው?»

«ሥራ ቦታ ነኝ። ሄዶ የሚመለስ ፈሳሽ እየመረጥኩ ነው።»



«እንግዲያው እግረ መንገድህን ለእኔም ሄዶ የሚመለስ ባል ምረጥልኝ» ብላ ዘጋችው።