ከታች የያዘው

«ወገቡ ላይ የወጉት መርፌ ነው የጨረሰው» አለች አክስት፣ ሻይዋን እያማሰለች። «አከርካሪው የተወጋ ሰው ደግሞ ሰው ይሆናል?»

ጡረተኛው ጎረቤት ራሱን ነቀነቀ። እሱም እንዲህ የሆነ ሰው ያውቃል። ለቅሶ ቤት ሁሌም እንዲህ የሆነ ሰው የሚያውቅ አይጠፋም፤ የሰውየውን ስም ግን ማንም አይጠይቅም። «እግሩ ደንዝዞ ነው የወደቀው። ሐኪሙን መክሰስ ነው።»

መምህሯ ጥርሷን ነክሳ ሰማች። ሟቹ አናጢ አባቷ ነው። ከታናሽ ወንድሟ ጋር ቁምሳጥን ለደንበኛ ሲያደርሱ ደረጃ ላይ ወደቀ፤ ቁምሳጥኑ ከላዩ መጣበት። መርፌውን እንዲወጋ ያግባባችው እሷ ነች። ገዳዩ መርፌው ከሆነ፣ ወደ መርፌው የጎተተችው እጅ የእሷ ነው። አክስትም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

የወገቡ ዲስክ ሕመም ሲጠናበት አባቷ ወርክሾፑ ወለል ላይ ተጋድሞ ነበር ሥራ የሚያዘው። «የተጣመመ ሚስማር አቃናለሁ፤ እኔን ማን ያቅናኝ?» ይል ነበር። ሐኪሙ ሕመሙን የሚያስተላልፈውን ነርቭ በመርፌ አደነዘዘለትና ስፖርት ወደምታሠራው ባለሙያ ላከው። ሽማግሌው «ወጌሻዬ» አላት። ቤት ውስጥ በጀርባው ተኝቶ ዳሌውን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ መምህሯ ሳቅ ሲያመልጣት፣ «ሳቂ፤ በእርጅናዬ ተማሪ አደረግሽኝ» ይላታል።

ከሰዓት በኋላ ወጌሻዋ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። መምህሯ ተቀመጪ እንኳ ሳትላት ወደ ኮሪደሩ ይዛት ወጣች።

«እውነቱን ንገሪኝ። እግሩ ደንዝዞ ነበር?»

«መርፌው እግር ቢያደነዝዝ እንኳ ለሰዓታት ነው። እሱ ከተወጋ ሳምንታት አልፈዋል። እኔ ዘንድ ደረጃ እየወጣ እየወረደ ነበር የሚለማመደው።»

«ታዲያ ምን ጣለው?»

«አላየሁም፣ አልዋሽሽም። መርፌው ሕመሙን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ወገብ አያጠነክርም፤ የሚያጠነክረው ስፖርቱ ነው፤ እስከዚያ ከባድ ነገር እንዳትነካ ብዬዋለሁ። ‹ወንድ ልጅ አለኝ፣ እሱ ያነሳል› አለኝ።»

መምህሯ የአናጢ ልጅ ናት። ዕቃ በደረጃ ሲወጣ ክብደቱ የሚያርፈው ከታች በያዘው ላይ ነው፤ ስለዚህ ጎልማሳው ከታች ይይዛል፣ ሽማግሌው ከላይ ሆኖ መንገድ ያሳያል። ይህን ያስተማራት አባቷ ራሱ ነው። እሱ የተገኘው ግን ከቁምሳጥኑ ሥር ነው።

ወደ ሳሎን ተመልሳ ወንድሟን አየችው። ከቀብር ከተመለሱ ወዲህ ጥግ ላይ ካለው ወንበር አልተነሳም። ትልልቅ ሰዎች ሲገቡ እንኳ ሸርተት ይላል እንጂ አይቆምም። ወንበር የሚያመላልሱት የጎረቤት ልጆች ናቸው። ዓይኗ ዓይኑን ሲያገኘው አቀረቀረ። ሰነፍ፣ አለች በሆዷ። አሸክሞ ገደለው።

እንግዳው ሲሳሳ መኝታ ቤት ጠራችው። ግድግዳውን እየተደገፈ ተከተላት። በሩን ዘጋችው።

«አባባ ለምን ከታች ያዘ?»

ወንድሟ ግድግዳውን እንደተደገፈ ቀረ።

«መልስ እንጂ። አንተ ከላይ ምን ትሠራ ነበር? ጌታ ሆነህ?»

«እትዬ፣ እኔም ያመኛል።»

«ያላመመው የለም።»

«ወገቤን ነው የምልሽ። ከአምና ጀምሮ፣ ልክ እንደሱ፣ እስከ እግሬ ይወጋኛል። ሁለታችንም ከተኛን ወርክሾፑ ይዘጋል ብዬ ደበቅኩ። ያን ቀን ደረጃው ሥር ጎንበስ አልኩና ቀና ማለት አቃተኝ። ያኔ አወቀ። ‹ወደ ላይ ሂድ› አለኝ። ‹እኔ መርፌዬን ተወግቻለሁ፤ አሁን የሚያመው አንተን ነው።› እምቢ አልኩት። ሲቆጣ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች፤ ቁጣዋን የወረሰችው ከእሱ ነው። የምትቆጣው ሰው ፈለገች። መርፌውን፣ ሐኪሙን፣ ወንድሟን፣ ሽማግሌውን ራሱን በየተራ አሰበቻቸው። በማንም ላይ አፏ አልከፈት አለ። ሳሎን ውስጥ አክስት የመርፌውን ነገር ለአዲስ መጪ እንደገና ከመጀመሪያው እየተረከች ነው።

ወንድሟ በሁለት እጁ ተደግፎ አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጫማውን ያየችው ያኔ ነው። የመቃብሩ ጭቃ ደርቆበት ተሰነጣጥቋል። ክሩ እንደታሰረ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ጎንበስ ብሎ ሊፈታው አልቻለም፤ ፍቱልኝም አላለም።

ወለሉ ላይ ተንበረከከችና የጠበቀውን ቋጠሮ በጥፍሯ መፍታት ጀመረች።