የቀረጻ ቀን መድኃኒት

ፊልም ሠሪው ካሜራውን ተሸክሞ ቤታቸው መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ታላቅየዋ እህት ሆዷ እሱን አላምን ብሏታል። ታናሿ የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ናት፤ ትርኢት ብላ የያዘችው ሥራም ተመልካች ፊት ተቀምጣ፣ ቃል ሳትተነፍስ፣ በታመሙ ጣቶቿ የረጠበ ገመድ ቋጠሮ መፍታት ነው። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት ቀኑን ሙሉ የተቋጠረ ክር ስትፈታ ማንም አጨብጭቦላት አያውቅም። አሁን ደግሞ ስለ ታናሿ ዘጋቢ ፊልም ይሠራል ተባለ።

ጥርጣሬዋ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። በሌላው ቀን ታናሿ ራሷ ሻይ ቀድታ ትጠጣለች፤ ቀረጻ ያለ ቀን ግን ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል አባብጠው ማንኪያ እንኳ አይጨብጡም። ሐኪሙ በየቀኑ የምትውጠው መድኃኒት ከተቋረጠ ጣቶቹ እንደጎበጡ ይቀራሉ ብሎ አስጠንቅቋል። ይኼ ሰውዬ ነው ክኒኑን የሚያስጥላት፣ አለች በሆዷ፤ ስቃይዋ ካልታየ ፊልሙ አያምርለትማ።

አንድ ጠዋት እሱ መብራት ሲተክል፣ የደበቀባት ክኒን ካለ ብላ ቦርሳውን በረበረች። ከባትሪና ከተጠቀለለ ሽቦ በቀር ምንም የለም። ቀና ስትል በሩ ላይ ቆሟል። አልተቆጣም። ደህና በሆንሽበት ቀንም ልቅረጽሽ ብሎ ለምኖ ታናሿ እምቢ እንዳለችው፣ ነገሩ እሱንም ግራ እንዳጋባው ነገራት። ማል አለችው፤ ማለ። መሐላውንም አላመነችውም። ቢሆንም መድኃኒቱንና ውሃውን ይዛ ወደ እህቷ ክፍል ገባች።

በቀረጻ ቀን ክኒኑን የምትተወው ራሷ መሆኗን ታናሿ አልካደችም።

"እትዬ፣ ደህና ሆኜ ካዩኝ ማን ታማለች ይለኛል? አስመሳይ ነው የሚሉኝ።"

"ጣትሽ ጎብጦ ሲቀርስ?"

"ያኔማ ማስረጃ አያስፈልገኝም።"

ታላቅየዋ ክኒኑን አቀበለቻት፤ ታናሿም ሳታንገራግር ዋጠች።

"አፍሽን ክፈቺ።"

"ልጅ አደረግሽኝ እኮ።"

"ክፈቺ አልኩ። ምላስሽን አንሺ።"

ከምላሷ ሥር ምንም አልነበረም። ታላቅየዋ ግን ጠርጥር የሚለው ተረት ለእሷ የተተረተ ይመስል ጣቷን በእህቷ ጉንጭ ውስጥ ሰደደች። ታናሿ አፏን እንደከፈተች ቆየች፤ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች። በመጨረሻ በእህቷ ትከሻ አሻግራ ወደ በሩ አየች፤ ፊልም ሠሪው ካሜራውን ደግኖ ቆሟል።

"ይኼን ቀርጸኸዋል?" አለችው።

ታላቅየዋ ዞራ አላየችም። የእህቷን ጉሮሮ ትክ ብላ እያየች፣ በእርግጥ መዋጧን እንደገና መጠራጠር ጀመረች።